ወንጀለኛው በተገኘ ቁጥር ስሙ የሚቀየር በሽታ

ከታችኛው ወገብ በመርፌ የሚቀዳው ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው። አንጎልንና ህብለሰረሰርን ከብቦ የሚይዘው እሱ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ከሰውየው ደም ጋር ጎን ለጎን ጄል ላይ ይደረግና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ፕሮቲኖቹ እንደየባሕርያቸው ተጉዘው በየቦታቸው ይቆማሉ። ሰውየው የመልቲፕል ስክለሮሲስ (ባጭሩ ኤምኤስ) ታማሚ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በደሙ ረድፍ ላይ የሚታየው የደበዘዘ ጥላ ብቻ ነው። በፈሳሹ ረድፍ ላይ ግን ቀጫጭን መስመሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል።

መስመሮቹ አንቲቦዲ ናቸው፤ ሰውነት ወራሪን ለመያዝ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች። ደሙ ውስጥ የሌሉ፣ እዚያው አንጎል ሰፈር የተመረቱ። ሐኪሞች «ኦሊጎክሎናል ባንድ» ይሏቸዋል። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ካሉ የኤምኤስ ሕሙማን ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ይገኛሉ። በሕሙማኑ ፈሳሽ ውስጥ አንቲቦዲ መብዛቱ የታወቀው በ1940ዎቹ ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይኸው 80 ዓመት አለፈ። አንቲቦዲዎቹ ማንን ለማጥቃት እንደተሠሩ ግን ዛሬም ቁርጥ ያለ መልስ የለም።

ኤምኤስ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው ይባላል። ትክክል ነው። ይህን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው ግልጽ ነው፦ «እንግዲያው ራስን የሚያጠቃ አንቲቦዲ አለ ማለት ነው። ደም መርምሮ ማግኘት ነው።» እኔም መጀመሪያ ላይ ያሰብኩት እንደዚያ ነበር። የምርምሩን ታሪክ ሲያነቡት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ጥፋቱ በማስረጃ የተረጋገጠ አንቲቦዲ በተገኘ ቁጥር፣ ያ አንቲቦዲ ያለባቸው ሰዎች ከኤምኤስ መዝገብ ይወጡና ሌላ የበሽታ ስም ይሰጣቸዋል። ኤምኤስ የሚለው ስም የሚቀረው ወንጀለኛው ላልተያዘባቸው ነው።

ስለ በሽታው ራሱ ባጭሩ። ነርቮቻችን ማይሊን በሚባል የስብ ሽፋን ተጠቅልለዋል፤ ሽፋኑ መልእክት በፍጥነት እንዲያልፍ ያደርጋል። በኤምኤስ ጊዜ የበሽታ መከላከያ ሴሎች አንጎልና ህብለሰረሰር ውስጥ ገብተው ሽፋኑን ይልጡታል። ከዚያ እንደ ጉዳቱ ቦታ አንድ ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይደነዝዛል፣ ሚዛን ይጠፋል፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም ይመጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ በ1868 በሽታውን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ገልጾታል። ዛሬ በዓለም ላይ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አብረውት ይኖራሉ። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ይይዛል።

አንድ አንቲቦዲ ጥፋተኛ የሚባለው መቼ ነው?

ራስን የሚነካ አንቲቦዲ በራሱ ጉድ አይደለም። ፍጹም ጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ «ተገኘ» ማለትና «አደረገው» ማለት ለየቅል ናቸው። አንድ አንቲቦዲ በሽታ አምጪ ነው ለማለት ጠንከር ያለ ማስረጃ ያስፈልጋል። አንቲቦዲውን ወደ ሌላ እንስሳ ብናዛውረው በሽታው አብሮ ይዛወራል? ከደም ብናጥበው ሰውየው ይሻለዋል?

ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ጡንቻ የሚያዝል በሽታ ይህን ፈተና ድል አድርጎ አልፏል። ነርቭ ከጡንቻ ጋር የሚነጋገርበትን መቀበያ የሚዘጋ አንቲቦዲ አለ። በ1975 ተመራማሪዎች የሕሙማንን አንቲቦዲ ለአይጦች ሰጡ፤ አይጦቹም ደከሙ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ ትሰጣለች። በሽታው ያለባት እናት ስትወልድ አንዳንዴ ጨቅላው ሲያለቅስ ድምፁ ይሰልላል፣ ጡት መሳብ ያቅተዋል። የእናቱ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ስለገባ ነው። በሳምንታት ውስጥ አንቲቦዲው ከሰውነቱ ሲጠፋ ሕፃኑ ደህና ይሆናል።

አሁን ኤምኤስ ያለባትን እናት አስቡ። እሷም አንቲቦዲዋን ለልጇ ታሳልፋለች፤ ማንኛዋም እናት ታሳልፋለች። ልጇ ግን ኤምኤስ ይዞ አይወለድም። ጊዜያዊውን እንኳ። እሷ ራሷም በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት በሽታው የሚያገረሽባት ከወትሮው ባነሰ ሁኔታ ነው። እርግጥ ነው፣ የሕፃን አንጎል ገና ማይሊኑን እየሠራ ነው፣ የደም-አንጎል አጥርም አለ። እነዚህ መከራከሪያዎች ናቸው። ያም ሆኖ «የደም አንቲቦዲ ብቻውን ኤምኤስ ያመጣል» የሚለውን ሐሳብ የመጀመሪያው የሚያናጋው ይህ ይመስለኛል።

ጄሉ ላይ ወዳየናቸው መስመሮች እንመለስ። በ2016 የጀርመን ተመራማሪዎች ከሕሙማን ፈሳሽ ውስጥ ጥቂቶቹን መስመሮች ለይተው አወጡና አንቲቦዲዎቹን እንደገና ሠርተው ምን ላይ እንደሚጣበቁ ተከታተሉ። የተጣበቁት ማይሊን ላይ አልነበረም። በየትኛውም ሴል ሆድ ውስጥ የሚገኙ ተራ ፕሮቲኖች ላይ ነው። ሴል ካልፈረሰ በስተቀር አንቲቦዲ እነዚህን ፕሮቲኖች አያገኛቸውም። ስለዚህ ቢያንስ ከፊሎቹ መስመሮች የጥፋቱ አድራሾች ሳይሆኑ ከጥፋቱ በኋላ ፍርስራሹን አይተው የተነሱ ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

በዚያ ላይ ብዙዎቹ ሕሙማን ፈሳሽ ውስጥ የኩፍኝ፣ የሩቤላና የአልማዝ ባለጭራ ቫይረሶችን የሚያውቁ አንቲቦዲዎች ይገኛሉ። ቫይረሶቹ ግን አንጎሉ ውስጥ የሉም። ሰውየው በልጅነቱ የታመማቸው ወይም የተከተበባቸው ናቸው። በአንጎሉ ዙሪያ የሰፈሩት ቢ ሴሎች (የአንቲቦዲ ምንጭ የሆኑት የመከላከያ ሴሎች) የድሮ ትዝታቸውን ይዘው መጥተው ያንኑ ያመርታሉ ማለት ነው። ኤምኤስን ከሌሎች ተመሳሳይ በሽታዎች ለመለየት ይህ ምልክት በደንብ ያግዛል። ስለ በሽታው ምክንያት ግን ብዙም አይነግረንም።

ከመዝገብ የወጡት

በ1894 ፈረንሳዊው ዩጂን ዴቪክ ከተማሪው ጋር ሆኖ የዓይን ነርቭንና ህብለሰረሰርን አብሮ የሚያጠቃ በሽታ ገለጸ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ብዙ ሐኪም ይህን እንደ ከበድ ያለ የኤምኤስ ዓይነት ነበር የሚያየው። በ2004 በአሜሪካ የሜዮ ክሊኒክና የጃፓን ተመራማሪዎች በእነዚህ ሕሙማን ደም ውስጥ አንድ አንቲቦዲ አገኙ። በዓመቱ ዒላማው ታወቀ፦ አኳፖሪን 4 የሚባል ውሃ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን። ፕሮቲኑ ያለው ማይሊኑ ላይ ሳይሆን አስትሮሳይት በሚባሉት ደጋፊ ሴሎች ላይ ነው። አንቲቦዲው ወደ አይጥ ሲዛወር ጉዳቱም አብሮ ተዛወረ። ፈተናው ታለፈ። በሽታውም ከኤምኤስ ጎራ ወጣና ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ በሚለው ስም ራሱን ችሎ ቆመ።

ይህ የስም ለውጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለኤምኤስ የሚሰጡት ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ እነዚህን ሰዎች ያባብሱባቸዋል። «ኤምኤስ ነው» ተብሎ መድኃኒት የጀመረ፣ ከዚያም ዓይኑ የባሰበት ሰው ነበረ ማለት ነው። በሌላ በኩል አንቲቦዲው የሚጠራውን የኮምፕልመንት ጭፍራ (ሴል የሚያፈርሱ የደም ፕሮቲኖች) የሚያስቆመው ኢኩሊዙማብ በጥናት ሲፈተሽ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ውስጥ ያገረሸባቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ማስመሰያ ከወሰዱት 43 በመቶ። መድኃኒቱ በ2019 ጸደቀ። ትክክለኛው ጥፋተኛ ሲያዝ ውጤቱ እንዲህ ነው።

የሞግ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ጠመዝማዛ ነው። ሞግ ማይሊኑ የላይኛው ቆዳ ላይ የተቀመጠ ፕሮቲን ነው። ለአንቲቦዲ የተጋለጠ፣ ለጥርጣሬ የተመቸ። በ2003 አንድ የኦስትሪያ ቡድን፣ የመጀመሪያ ምልክት የታየባቸውና የሞግ አንቲቦዲ ያለባቸው ሰዎች ቶሎ ወደ ኤምኤስ ያመራሉ አለ። ብዙ ተስፋ ተጣለበት። በ2007 በብዙ መቶ ሰዎች ላይ ሲደገም ግን ውጤቱ አልታየም።

ምን ተፈጠረ? መልሱ ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዘዴ የተጠቀመው ፕሮቲኑን ቅርጹን አሳጥቶ፣ እንደተተረተረ ሹራብ ዘርግቶ ነበር። በሽታ አምጪው አንቲቦዲ ግን የሚያውቀው የታጠፈውን፣ በሴሉ ላይ እንዳለ የቆመውን ቅርጽ ነው። ተመራማሪዎች ሞግን በሕያው ሴል ላይ አስቀምጠው ሲመረምሩ እውነተኞቹ አንቲቦዲዎች ብቅ አሉ። የወጡት ግን ከተለመዱት የኤምኤስ ሕሙማን አይደለም። በብዛት ከሕፃናት፣ ሁለቱም ዓይናቸው በአንዴ ከሚያብጥባቸው፣ ጄላቸው ላይ መስመር ከማይታይባቸው ሰዎች ነው። እነሱም የራሳቸው ስም አገኙ፦ ሞጋድ። መመርመሪያ መስፈርቱ በ2023 ወጣ። አሁንም አንድ ቡድን ከመዝገቡ ተሰረዘ።

ሦስተኛው ምሳሌ ያልተሳካው ነው። በ2012 የፖታሲየም መተላለፊያ በሆነው ኪር 4.1 ላይ ያነጣጠረ አንቲቦዲ በግማሽ ያህሉ የኤምኤስ ሕሙማን ላይ ተገኘ ተባለ። በየአገሩ ያሉ ላቦራቶሪዎች ሞከሩት። አብዛኞቹ ሊደግሙት አልቻሉም። ወሬው ቀስ እያለ በረደ።

አንቲቦዲውን ሳይነካ የሠራው መድኃኒት

ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ጣፋጩ ክፍል ይህ ነው። አንቲቦዲ የሚያመርቱት ከቢ ሴሎች የሚወለዱ ፕላዝማ ሴሎች ናቸው። ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ሲዲ20 የሚባል ምልክት ያላቸውን ቢ ሴሎች አድኖ ይገድላል። በ2008 የታተመ ጥናት መድኃኒቱን በ104 የኤምኤስ ሕሙማን ላይ ፈተሸው። በኤምአርአይ ላይ የሚያበሩት አዳዲስ ጠባሳዎች በ91 በመቶ ቀነሱ። በ24 ሳምንት ውስጥ።

አንቲቦዲውስ? ብዙም አልተነካም። ፕላዝማ ሴሎች ያን ምልክት ስለማይሸከሙ መድኃኒቱ አያያቸውም፤ ፋብሪካው ሥራውን ቀጥሏል። አዲሱ ጉዳት ግን በእጅጉ ቀነሰ። ስለዚህ ቢ ሴሎች በኤምኤስ ውስጥ ዋና ተዋናይ ቢሆኑም ትልቁ ጥፋታቸው አንቲቦዲ ማምረታቸው አይደለም። ቲ ሴሎች ለሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ዒላማውን እያሳዩ የሚያነሳሱት እነሱ ናቸው። ጠብ ጫሪ ሊሏቸው ይቻላል። በዚሁ መንገድ የሚሠራው ኦክሬሊዙማብ በ2017 በአሜሪካ ጸደቀ፤ ከመነሻው ያለማቋረጥ እየባሰ ለሚሄደው የኤምኤስ ዓይነት የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ።

ተቃራኒው ሙከራም ተደርጓል። አታሲሴፕት የተባለው መድኃኒት ፕላዝማ ሴሎችን ይመታል፣ አንቲቦዲንም ከደም ይቀንሳል። አንቲቦዲው ዋናው ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ይህ መድኃኒት መሥራት ነበረበት። ሕሙማኑ ላይ በሽታው ይበልጥ አገረሸባቸው። ጥናቱ በ2009 ተቋረጠ።

ታዲያ አንቲቦዲ ከኤምኤስ ውስጥ ጨርሶ ነጻ ነው? አይ፣ እንደዚያም አይደለም። ከባድ ግርሻት ይዟቸው በስቴሮይድ ያልተሻላቸው አንዳንድ ሕሙማን ፕላዝማቸው (የደማቸው ፈሳሽ ክፍል) ሲለወጥ ይሻላቸዋል። የአንጎል ናሙናቸው ሲታይ አንቲቦዲና ኮምፕልመንት ከተከማቸባቸው መካከል ናቸው። በአንዳንድ ሰዎች አንቲቦዲው እጁ አለበት። በሁሉም ላይ ግን አይደለም። በሁሉም ላይ ያንኑ አንድ አንቲቦዲ መፈለግ ነው ብዙ ዓመት ያስበላው።

የቫይረሱ ጥላ

በ2022 መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ በየጊዜው ደም ይወስድና ያስቀምጣል። ተመራማሪዎቹ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወታደሮችን የ20 ዓመት መረጃ ፈተሹ። ናሙናቸው ከተገኘው 801 የኤምኤስ ሕሙማን ውስጥ ከመታመማቸው በፊት ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ሳይዘው የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቫይረሱ ከያዘ በኋላ ኤምኤስ የመምጣቱ ዕድል 32 እጥፍ ይሆናል። በምራቅ የሚተላለፈው ሌላው ቫይረስ፣ ሳይቶሜጋሎ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላሳየም።

በዚያው ወር ሌላ ቡድን ደግሞ «እንዴት?» ለሚለው አንድ መልስ አቀረበ። ኢብና1 የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን አንዷ ቁራጭ፣ አንጎል ውስጥ ካለው ግሊያልካም ከሚባል ፕሮቲን ቁራጭ ጋር ትመሳሰላለች። ቫይረሱን ለመያዝ የተሠራ አንቲቦዲ በስህተት አንጎሉንም ይይዛል። እንዲህ ያለው አንቲቦዲ ከሕሙማኑ ከ20 እስከ 25 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። አኖክታሚን 2 የሚባለው ሌላ የነርቭ ፕሮቲንም ከዚያው የቫይረስ ፕሮቲን ጋር መመሳሰል አለው፤ እሱም የጥቂቶች እንጂ የሁሉም አይደለም።

በ2024 ደግሞ ተመራማሪዎች ወደዚያው የወታደሮች ደም ተመለሱ። በኋላ ኤምኤስ የያዛቸውን 250 ሰዎች ከመታመማቸው ከዓመታት በፊት የሰጡትን ደም፣ ከታመሙ በኋላ ከሰጡት ጋር አስተያዩ። ከ10 ሰዎች በአንዱ ላይ አንድ የተለየ የአንቲቦዲ አሻራ ተገኘ። አሻራው ምልክት ከመታየቱ በፊት ነበረ፣ በኋላም አለ። በአንቲቦዲዎቹ ዒላማ ላይ የሚታየው ቅርጽ ኤፕስታይን-ባርን ጨምሮ በተለያዩ ተዋሲያን ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። እዚህ ጋ ውሻው የጮኸው ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ከአዋቂ ሰው 95 በመቶ ያህሉ ይህን ቫይረስ ይዞታል። ኤምኤስ የሚይዘው ከሺህ አንድና ሁለት ሰው ነው፣ በብዙ አገር ደግሞ ከዚያም በታች። ቫይረሱ ሁሉንም ቤት አንኳኩቷል። ለምን እነዚህ ብቻ?

ዘሩ

ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮችን እንይ። ዘረመላቸው አንድ ነው። አንዱን ኤምኤስ ከያዘው ሌላውም የመታመም ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ ነው። ተራ ወንድምና እህት ላይ ከ2 እስከ 4 በመቶ። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። ዘር ብዙ ይሠራል፤ አለበለዚያ ልዩነቱ እንዲህ አይሰፋም። ዘር ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ አለበለዚያ ሁለቱም መንትዮች በታመሙ ነበር። በ2010 አንዷ የታመመችባቸውን ሌላዋ ጤነኛ የሆነችባቸውን መንትዮች ዘረመል ሙሉ በሙሉ አንብበው ያነጻጸሩ ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱን የሚያስረዳ ነገር አላገኙም።

ከዘሮቹ ሁሉ ጎልቶ የወጣው ክሮሞዞም 6 ላይ ያለው የኤችኤልኤ ሰፈር ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል። ኤችኤልኤ ሳህን ነው በሉት። ሴል የተዋሲያንን ወይም የራሱን ፕሮቲን ቁራጭ ሳህኑ ላይ አድርጎ ለቲ ሴል ያቀርባል። ሳህናችን ቅርጹ ይለያያል፤ አንዱ ላይ የሚቀመጠው ሌላው ላይ አይቀመጥም። ዲአርቢ1 15፡01 የሚባለውን ሳህን የያዘ ሰው ኤምኤስ የመያዙ ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ኤችኤልኤ ኤ2 የሚባለው ሌላው ሳህን ደግሞ ይከላከላል። የአፍሪካ ዘር ባላቸው አሜሪካውያን ላይ 15፡03 የሚባለው የቅርብ ዘመዱ አደጋውን ይጨምራል። ይህን ያነሳሁት የዘረመል ጥናቱ አብዛኛው በአውሮፓ ዝርያ ላይ የተሠራ ስለሆነ ነው። የሌላው ዓለም ሕመምተኛ በዚያ ካርታ ላይ ገና በደንብ አልተሳለም።

ከ2007 በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ2019 ዓለም አቀፉ የኤምኤስ ዘረመል ቡድን ከ47,000 በላይ ሕሙማንንና ከ68,000 በላይ ጤነኞችን አወዳድሮ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 233 የዘረመል ነጥቦችን ለየ። 32ቱ ከኤችኤልኤ ሰፈር ናቸው። አንዱ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ከኤችኤልኤ ሰፈር ውጭ ያሉት እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ የበሽታ መከላከያ ሴሎችን የሚመለከቱ ናቸው። «የኤምኤስ ዘር» የሚባል አንድ ነገር የለም።

ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። በሰርዲንያ ደሴት ኤምኤስ በብዛት አለ። በ2017 እዚያ የተሠራ ጥናት፣ ባፍ የሚባለውን ፕሮቲን የሚያበዛ የዘር ልዩነት አገኘ። ባፍ የቢ ሴሎች ቀለብ ነው። ልዩነቱ ያለባቸው ሰዎች ቢ ሴላቸውም አንቲቦዲያቸውም ይበዛል፤ ኤምኤስና ሉፐስ የመያዝ ዕድላቸውም ከፍ ይላል። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ እዚያ የተስፋፋው በወባ ዘመን ስለጠቀመ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ዘርና አንቲቦዲ እጅ ለእጅ ተያይዘው የታዩበት ቦታ ነው። ታዲያ ባፍን የሚያግደው መድኃኒት ማን ነበር? አታሲሴፕት፣ ያ በሽታውን ያባባሰው። እንግዲህ ፍረዱ።

ሌላኛው ቲኤንኤፍ የሚባለውን የመልእክት ፕሮቲን ይመለከታል። አንድ የዘር ልዩነት፣ ቲኤንኤፍን ደም ውስጥ ይዞ የሚያስቀር ቁራጭ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ልክ ለቁርጥማት እንደሚሰጡት መድኃኒቶች። ይህ ልዩነት ኤምኤስን ያበዛል። የሚገርመው መድኃኒቱ ቀድሞ ይህን ነግሮን ነበር። ቲኤንኤፍን የሚያግደው ሌነርሰፕት በ1999 በታተመው ጥናት ኤምኤስን አባብሶ ነበር፤ ዘሩ ምክንያቱን ያስረዳው በ2012 ነው። ኤምኤስ ላለበት ሰው የቲኤንኤፍ መከላከያ የማይታዘዘው በዚህ የተነሳ ነው።

ስለ መነሻውም ትንሽ። በ2024 የጥንት ሰዎችን አጥንት ዘረመል ያጠኑ ሰዎች፣ የ15፡01 ሳህን ወደ ሰሜን አውሮፓ በብዛት የገባው ከ5,000 ዓመት በፊት ከጥቁር ባሕር ሰሜናዊ ሜዳ ከመጡ ከብት አርቢዎች ጋር እንደሆነ አሳዩ። ከከብቶቻቸው ጋር ተጠጋግተው ሲኖሩ ከተዋሲያን የጠበቃቸው ሳይሆን አይቀርም።

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ሌላ ነገር አለ። በሽታውን የሚያመጣው ዘርና በሽታውን የሚያከብደው ዘር አንድ አይደሉም። በ2023 ከ22,000 በላይ ሕሙማንን ያየ ጥናት፣ ከሁለቱም ወላጅ አንድን የዘር ልዩነት የወረሱ ሰዎች ምርኩዝ የሚያስፈልጋቸው ከሌሎቹ አራት ዓመት ያህል ቀድመው መሆኑን አገኘ። ልዩነቱ ያለበት ሰፈር የበሽታ መከላከያ ሳይሆን የነርቭ ሥርዓቱ ነው። መያዝ የመከላከያ ሴሎች ጉዳይ ነው፤ መክበድ ደግሞ አንጎሉ ጉዳትን የሚቋቋምበት አቅም ጉዳይ ይመስላል።

ሐኪም ክፍል ውስጥ

ይህ ሁሉ አንድ ሰው ምርመራ ሲታዘዝለት ምን ይለውጣል? የዘር ምርመራ ኤምኤስን ለማወቅ አይታዘዝም። 15፡01 አለብህ የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ምንም አልያዘም ለማለት ይቻላል። በሰሜን አውሮፓ ከአራት ጤነኛ ሰው አንዱ ገደማ ይሸከመዋል።

የጄሉ መስመሮች ግን ይጠቅማሉ። ከ2017ቱ መስፈርት ወዲህ፣ የኤምአርአዩ ሥዕል አሳማኝ ሆኖ «ሁለተኛ ጥቃት እስኪመጣ እንጠብቅ» የሚያስብል ሲሆን፣ መስመሮቹ ከተገኙ መጠበቁ ይቀራል። ሕክምናው ቶሎ ይጀመራል። አንቲቦዲው ማንን እንደሚወጋ ሳይታወቅ እንኳ ሥራ አለው።

የአኳፖሪንና የሞግ ምርመራ የሚታዘዘው ሥዕሉ ከኤምኤስ ወጣ ሲል ነው። ህብለሰረሰሩ ላይ ረጅም እብጠት ሲታይ፣ ሁለት ዓይን በአንዴ ሲታመም፣ መቆሚያ ያጣ ስቅታና ትውከት ሲመጣ። የሞጉን ለሁሉም ሰው ማዘዝ ጣጣ አለው። ደከም ያለ አዎንታዊ ውጤት እውነተኛ ኤምኤስ ባለባቸው ሰዎች ላይም ይወጣል። ያን ጊዜ የኤምኤስ ሕክምና የሚገባው ሰው ለሌላ በሽታ ይታከማል። ወረቀቱ ላይ «አዎንታዊ» ከሚለው ቃል ጎን ያለው ቁጥር፣ ምርመራው የተሠራውም በሕያው ሴል ላይ መሆን አለመሆኑ፣ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ከዚያ ደግሞ ወላጅ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው አለ። «ልጄንስ ይይዘው ይሆን?» ከአንድ ወላጅ ጋር ሲሆን ከ100 ልጆች 2 ያህሉን ነው። ዘጠና ስምንቱን አይደለም። ልጁን አሁን መርምሮ ማወቅ አይቻልም፣ ቢቻልም የሚሰጠው መድኃኒት የለም። የሚቀየር ነገር ግን አለ። በስዊድን የተሠራ ጥናት፣ 15፡01 ያለውና መከላከያው ኤ2 የሌለው ሰው ካላጨሰ አደጋው አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አገኘ። ካጨሰ ወደ 14 እጥፍ ይጠጋል። ተመራማሪዎቹ የሚጠረጥሩት ጭሱ ሳንባ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ለውጦ ለዚያው ሳህን ያቀርባል ብለው ነው። የሌላ ሰው ጭስም፣ ቤት ውስጥ ዓመታት ሲተነፈስ፣ በዚያው አቅጣጫ ይገፋል።